ፊርማዬ የቀደመበት ሌሊት

ለአሥራ ሁለት ሕሙማን ሁለት ነርሶች ብቻ በነበርንበት የሌሊት ፈረቃ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚሰጡትን መድኃኒቶች ገና ሳልሰጥ ቅጹ ላይ ሁሉንም «ተሰጥቷል» ብዬ ፈረምኩባቸው። ይህን ያደረግኩት ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። መድኃኒቱን በሳህን አሰናድቼ፣ ቅጾቹን ደርድሬ በአንድ ትንፋሽ እፈርምና ወደ አልጋዎቹ እሄዳለሁ። ጊዜ ይቆጥባል። ደግሞስ መስጠቴ አይቀርም፤ ውሸቱ የግማሽ ሰዓት ውሸት ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ያን ሌሊት ጥግ ላይ ወደተኙት አዛውንት ስደርስ ካኑላቸው፣ መድኃኒት የሚገባበት ቀጭን ቱቦ፣ ከደም ሥር ወጥቶ ክንዳቸው አብጧል። ነቅዬ ሌላ ላስገባ ስል ፊት ለፊት ያለው ሕመምተኛ ትንፋሽ አጠረው። ኦክስጅን፣ ሐኪም መጥራት፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ማዛወር፤ ሌሊቱ በዚህ አለፈ። 10 ሰዓት ላይ ሳህኑን ላነሳ ስመለስ የአዛውንቱ አንቲባዮቲክ፣ አንድ ግራም ቫንኮማይሲን፣ ክዳኑ እንኳን ሳይነካ ተቀምጧል። ቅጹ ላይ ግን ተሰጥቷል፤ ፊርማውም የእኔ ነው።

ባልደረባዬ አየችኝ። «ጣይውና ዝም በይ፤ አንድ ዶዝ ሰው አይገድልም» አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ እኔን ማዳኗ ነበር። እኔም እጄን ወደ ቆሻሻ መጣያው ዘርግቼ እንደነበር አልክድም።

ያቆመኝ የሥነ ምግባር ትምህርት አልነበረም። የዓለም አቀፉን የነርሶች ምክር ቤት ደንብ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የጸደቀ መሆኑን ሳይቀር፣ ለፈተና ሸምድጄው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አንዱም አንቀጽ ትዝ አላለኝም። ያቆመኝ ሒሳብ ነው። ቫንኮማይሲን ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል መጠኑ በደም ምርመራ ይስተካከላል። በእኛ ክፍል ደሙ የሚቀዳው አራተኛው ዶዝ ሊሰጥ ሲል ነው፤ የተዘለለው ደግሞ ሦስተኛው ነበር። ጠዋት ደም ይቀዳል፣ በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ዝቅ ብሎ ይመጣል። ሐኪሙ ቅጹን ገልጦ ሦስቱም ዶዝ መሰጠቱን ያያል። እንግዲያው መድኃኒቱ አንሷቸዋል ብሎ መጠኑን ይጨምራል። የአዛውንቱ ኩላሊት ድሮውንም ደካማ ነበር። የተዘለለው ዶዝ ምናልባት ብዙም ባልጎዳቸው፤ ያስፈራኝ ሐኪሙ ፊርማዬን አምኖ የሚጽፈው ትእዛዝ ነው።

ተረኛ ሐኪሙን ቀሰቀስኳቸው። «ዶክተር፣ የ4 ሰዓቱን ቫንኮማይሲን አልሰጠሁም። ቅጹ ላይ ግን ሰጥቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ።» ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ከጉሮሮዬ የወጣው በጭንቅ ነው። አዲስ ካኑላ አስገባሁ፤ ዶዙ ከአንድ ሰዓት በላይ ወስዶ ቀስ እያለ ገባ፤ ፈጥኖ ከገባ ቆዳ ያቀላል፣ የደም ግፊትም ያወርዳል። የቀጣዩ ዶዝና የደም ምርመራው ሰዓት ተለወጠ።

የቀረው ቅጹ ነበር። ማጥፊያ ቀለም መቀባትም ሆነ ገጹን በአዲስ መተካት አይፈቀድም። የቀድሞው ፊርማዬ ከሥሩ እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ አሰመርኩበት። «በስህተት የተመዘገበ፤ አልተሰጠም» ብዬ ቀንና ሰዓት ጽፌ ፈረምኩ፤ ከታች «ዘግይቶ የተመዘገበ» ብዬ እውነተኛውን ሰዓት አሰፈርኩ። የክስተት ሪፖርቱንም ሞላሁ።

ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ስለ ዶዙ ብዙም አልተናገረችኝም፤ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ታውቃለች። ያስቆጣት ፊርማው ነው። የቀድሞ ቅጾቼን አስወጥታ ፊቴ ዘረጋቻቸው። የስድስት ሕሙማን ፊርማ፣ ያው ቀለም፣ ያው ዝንባሌ፣ ሁሉም ልክ 4፡00። ለስድስት ሰው በአንድ ደቂቃ መድኃኒት የሚሰጥ ነርስ የት አለ? «ከእነዚህ የትኛው እውነት ነው?» አለችኝ። መድኃኒቶቹን ሁሉ ሰጥቼ ነበር፤ ግን በምን ላረጋግጥላት? ይህን አልጠበቅኩም። አንድ የሐሰት ፊርማ የተገኘባት ነርስ የሙያ ፈቃድ ሰጪው አካል ፊት ብትቆም፣ ትክክለኞቹ ፊርማዎቿም አይመሰክሩላትም።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ሦስት ወር በክትትል ሠራሁ። ያን ሌሊት የመድኃኒቱን ጠርሙስ ጥዬው ኋላ ቢደረስበት ኖሮ ነገሩ ፈቃድ እስከ መነጠቅ፣ በሐሰተኛ ሰነድ እስከ መከሰስ ሊሄድ ይችል ነበር።

አሁን የምፈርመው አልጋው አጠገብ ቆሜ፣ ክኒኑ ከተዋጠ ወይም ጠብታው መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው። ያልሰጠሁት ካለ ፊርማዬን በክብ መስመር ከብቤ ምክንያቱን እጽፋለሁ፦ «ካኑላ የለም»፣ «አልወስድም ብለዋል»። ቀድሞ እንዲህ ያለ ክብ የስንፍና ምልክት ይመስለኝ ነበር። ፈረቃው ሲበዛብኝ ደግሞ በፊርማ ከማሳጥረው ይልቅ ለኃላፊዋ ደውዬ ሰው ጨምሩልኝ እላለሁ፤ ሁልጊዜ ባይጨመርም።

ለአዛውንቱ የነገርኳቸው ራሴ ነኝ። አልተቆጡም።

«አውቄያለሁ ልጄ» አሉኝ። «ስጠብቅሽ ነበር። ስትቀሪብኝ ሐኪሙ አስቁሞት ይሆናል ብዬ ተኛሁ።»