የሜትሩን ጫፍ የያዘው ሰው

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሚያዝያ ወር፣ መንዝ ውስጥ ለመንገድ ሥራ የሚነሳ ይዞታ የሚለካና ንብረት የሚቆጥር ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። የበልጉ ገብስ ገና ከጉልበት አላለፈም። የጠዋቱ ቁር እስክሪብቶ አያስይዝም፤ በዚያ ላይ ከመምሸቱ በፊት አሥራ ሁለት ማሳ መጨረስ አለብን።

አንዱ ማሳ ላይ አንድ ጎልማሳ አረም ሲነቅል አገኘን። ሳንጠይቀው የሜትሩን ጫፍ ተቀብሎ ወሰን ድንጋዩ ድረስ ሄደና «እዚህ ላይ ነው!» ብሎ ተጣራ። ሚስቱ የገብስ ቆሎና ጠላ ይዛልን መጣች። ቅጹ ላይ «የባለይዞታው ስም» የሚል አንድ መስመር አለ። ስምህ ማን ነው አልኩት፤ ነገረኝ፤ ጻፍኩ። ይዞታው በማን ስም እንደተመዘገበ አልጠየቅሁም። ጠላውም ሳይረዳኝ አልቀረም።

ዝርዝሩ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ሰነበተ። ስለዚያ ማሳ ቅሬታ ያቀረበ የለም። የካሳው ገንዘብ ጥቅምት ላይ ባንክ ገባ።

በሳምንቱ አንዲት እማሆይ ቢሮ መጡ። ከነጠላቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ የይዞታ ደብተር አወጡ፤ ላስቲኩን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ውስጡ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ባልየው ሞተዋል። ሚስትየው እርሳቸው ናቸው፤ ያኔ ቆቡን ገና አላደረጉም።

«ልጄ፣ መሬቴን ለማን ጻፍከው?»

ስሙን አነበብኩላቸው።

«እርሱማ የእኩል አራሼ ነው» አሉ። ቁጣም የለባቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አራሹ ሲጠራ «እኔስ ለገብሱ መስሎኝ ነበር» አለ። «ለዚህች ገብስ ይህን ሁሉ ብር? ብዬ ሚስቴንም ጠይቄአታለሁ።» ግማሹን አመንኩት። ጥንድ በሬ ግን ገዝቶበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ዋጋ አይተመንለትም። የሚከፈለው መሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ባለይዞታው ስለሚያጣው ገቢ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ጊዜ በቋሚነት ለሚለቀቅ የእርሻ ይዞታ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በአሥር ይባዛ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲመጣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ተወስዶ በአሥራ አምስት ይባዛ ጀመር። ትልቁ ገንዘብ ይህ ነው፤ የሚገባውም ለእማሆይ ነው። እኔ ግን የገብሱንም፣ የዛፉንም፣ ይህንንም በአንድ ስም አንድ ላይ ደምሬዋለሁ።

ዛፉ ደግሞ የራሱ ባለቤት መጣለት። የእማሆይ የእንጀራ ልጅ ነው። በማሳው ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ እኛ ማገር፣ ወራጅ፣ ቋሚ እያልን ቆጥረን መዝግበነዋል፤ እርሱ ደግሞ «አባቴ በሕይወት እያለ በእጄ የተከልኩት ነው» አለ። በዚያ ቢበቃው ምን ነበረበት! «እርሳቸው መንነዋል፣ ብር ምን ያደርግላቸዋል?» ብሎ ጨመረበት። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው አዩት።

አራተኛም ነበረ። እስከ ሰባት ቤት ወደ ላይ ቆጥሮ ቦታው የቅድመ አያቱ ርስት እንደሆነ አስረዳን። አቆጣጠሩ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁት። ርስትን ያስቀረው አዋጅ ቁጥር 31/1967 መሆኑን ስነግረው «አዋጅ አባት ይሽራል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ በመዝገቡም ላይ ቦታ አልነበረውም።

ሕጉ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ይናገራል። የተበላውን ብር ከአራሹ ጎተራ አውጥቶ ማምጣት ግን የሽማግሌ ሥራ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ሁለት እሑድ ተቀመጡ። አራሹ ያልነካውን ብር ወደ እማሆይ ሒሳብ አዛወረ፤ አንዱን በሬ ሸጦ ጨመረበት። ሁለተኛውን እማሆይ ራሳቸው «ይተውለት፣ ልጆች አሉት» አሉ። ከገብሱ ካሳ እኩሌታውን አስቀረ፤ ዘሩም ድካሙም የእርሱ ነበርና። ስለ ባሕር ዛፉ አንድ አዛውንት የእንጀራ ልጁን «ከብት እንዳይረግጠው የጠበቀውስ ማን ነው?» ብለው ጠየቁት። ዝም አለ። ለሁለት ተካፈሉት።

እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። አልተከራከርኩበትም። ከዚያ በኋላ ቅጹን ለሦስት ከፍዬ አሰመርኩት፦ ይዞታው የማን፣ ሰብሉን የዘራው ማን፣ ዛፉን የተከለው ማን። ወረቀቱ በአግድም ካልሆነ አይበቃም፤ አለቃዬ ዛሬም ሲያየው ያጉረመርማል።

መንገዱ ተቆርጦ ጠጠር ሲለብስ ለሌላ ሥራ በዚያው አለፍኩ። እማሆይ ለተዝካር መጥተው ኖሮ ከሩቅ አይተውኝ በምርኩዛቸው ጠቀሱኝ። ከውኃ መውረጃው ቦይ ማዶ፣ ከማሳቸው የተረፈች ቀጭን ቁራጭ አለች፤ በሬ አይዞርባትም። ባለፈው ልኬት ውስጥ አልገባችም።

«ይህችስ የማን ናት በል?» አሉኝ።

አራሹ ከታች ማሳ ሆኖ አይቶን ኖሮ እየሮጠ መጣና የሜትሩን ጫፍ ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ሜትሩን ኪሴ ውስጥ መልሼ፣ መጀመሪያ አዋሳኞቹን እንዲጠራልኝ ላክሁት።