ከእንጅባራ ጉም እስከ ዓባይ በረሃ

ከባሕር ዳር ተነስተን መራዊንና ዳንግላን እስክናልፍ ድረስ ጉዞው የሰመረ ነበር። ወሩ መስከረም ነውና ግራና ቀኙ በአደይ አበባ አጊጧል። ላንድ ክሩዘሩ ከኋላው አንድ ተጎታች ቤት ይስባል፤ አሜሪካ ሠራሽ፣ ሁለት ጎማ ያለው፣ አልጋውና ምድጃው ከነውኃ በርሜሉ የተሟላ። መሪውን የያዙት አጎቴ ናቸው። እኔ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ስለምተዳደር የሽቦው ጉዳይ በእኔ ትከሻ ላይ ነው።

እንጅባራ ስንቃረብ ጉም ወረደ። ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ከመንገዱ ዳር ጥላው ብቻ ይታያል፤ ካፊያም ጀመረ። አጎቴ መብራት አበሩ። ብዙም ሳንርቅ ከኋላችን የሚመጣ የጭነት መኪና ደጋግሞ ክላክስ አደረገብን። ዳር ይዘን ስንቆም ረዳቱ ወርዶ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ ፍሬን ሲይዙ የኋላ መብራትዎ ጭልም ይላል። ፍሬቻ ሲያሳዩ ደግሞ ሁለቱም ወገን ይርገበገባል። ወዴት እንደሚታጠፉ ማወቅ አልቻልንም።»

«ተባረክ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉት አጎቴ። እውነትም ምስጋና ይገባዋል። በዚያ ጉም ውስጥ ዝም ብሎ ቢያልፈን የሚቀጥለው መኪና ላያየን ይችል ነበር።

ረዳቱ የነገረን ምልክት ለባለሙያ ግማሽ መልስ ነው። አንድ መብራት ጨርሶ ሲጠፋ አምፖል ወይም ፊውዝ ይጠረጠራል። አንዱ ሲበራ ሌላው የሚደክም፣ ግራው ሲጠራ ቀኙ የሚመልስ ከሆነ ግን የታመመው ማሳው፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር፣ ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወጥቶ አምፖሉን ካበራ በኋላ የሚመለስበት መስመር ሲበላሽ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል ዞሮ መውጫ ይፈልጋል። መብራቶቹ የሚምታቱት ለዚህ ነው። ሰው እዚህ ላይ አምፖል ሲቀያይር ይውላል፤ ገንዘቡም ጊዜውም ያልቃል።

አጎቴ አንድ ነገር ጨመሩልኝ፦ «ቀጥ ባለው መንገድ ላይ በመስታወት ሳየው ደኅና ነው፤ ስንታጠፍ ነው የሚከፋው።» ይህ ጥርጣሬዬን አጸናው። ኤሌክትሪኩ በማሳው ሽቦ መመለስ ትቶ ተጎታቹ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት የመጎተቻ ኳስ በኩል እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ኳሱ ደግሞ ግራሶና ዝገት ስላለበት በታጠፍን ቁጥር አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን መብራቱ አልነበረም። የዚህ ተጎታች ፍሬን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ማግኔት ነው። እያንዳንዱ ማግኔት ወደ 3 አምፔር ይፈልጋል፤ የሚመለሰውም በዚያው በታመመው ማሳ ነው። ከፊታችን ደግሞ የደጀን ቁልቁለት አለ።

ባትሪ ለማቀባበል የምንይዘውን ወፍራም ገመድ አወጣሁ፤ አንዱን ጫፍ በመኪናው ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በተጎታቹ ሻንሲ (ከሥሩ ባለው የብረት አካል) ባዶ ብረት ላይ አሰርኩ። አጎቴ ፍሬን ሲረግጡ ሁሉም መብራት ወለል ብሎ በራ። ገመዱን ነቅዬ መብራቱን እንዳበራሁ፣ ፍሬኑም እንደተረገጠ፣ በእነዚያው ሁለት ቦታዎች መካከል በቴስተር፣ በቮልት መለኪያው፣ ለካሁ፦ ከ4 ቮልት በላይ። ከግማሽ ቮልት በታች መሆን ነበረበት። መብራት አጥፍቶ መለካት እዚህ ላይ ዋጋ የለውም፤ ጭነት ከሌለ ክፉውም ማሳ ደኅና መስሎ ይታያል።

ገመዱን አጥብቀን አስረን ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምንና ደንበጫን አልፈን ደብረ ማርቆስ ገባን። ጋራዡ ውስጥ የአንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን እጅ አገኘሁ፤ ቀልጣፋና ጠያቂ ልጅ ነው። ከተጎታቹ ሥር ገብቶ ነጩን የማሳ ሽቦ ተከትሎ ሄደና «ወንድሜ፣ ይህን ይመልከቱ» አለኝ። ሽቦው በቀለሙ ላይ በአንዲት ትንሽ ብሎን ተይዟል። ብሎኗ በዝገት ተበልታለች፤ የሽቦው መዳብ እንደ ሻገተ እንጀራ አረንጓዴ ሆኗል። ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቅን፤ በወፍራም ሽቦ፣ በጥርሳም ሮንዴላና በደኅና ብሎን አሰርነው፤ ውኃ እንዳይገባ ከላዩ ግራሶ ቀባን። ተጎታቹ ከሚሰካበት ሶኬት እስከ መኪናው ሻንሲ ያለውንም የማሳ ሽቦ አደስነው።

አሁን ስንለካ 0.2 ቮልት ብቻ ሆነ። የቀኙ ፍሬቻ ግን እምቢ አለ። አረንጓዴው ሽቦ በሻንሲው ቀዳዳ ጠርዝ ተፈትጎ ብረቱን እየነካ ፊውዝ አቃጥሎ ነበር። ቀጥለን ጠቀለልነውና ቀዳዳው ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ አደረግንበት። ፊውዙንም በዚያው በ15 አምፔር ተካነው። በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ ሽቦ ጠምዝዞ የሚከት ሰው ስንት መኪና እንዳነደደ ቢያስብ እጁ በተንቀጠቀጠ ነበር።

ወጣቱ ግራ የገባው ሌላ ነገር ነበር፦ «የመኪናው ፍሬንና ፍሬቻ ለየብቻ ነው፤ የተጎታቹ ግን በአንድ አምፖል። እንዴት ይገናኛሉ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ተጎታቾች ላይ ቢጫው ሽቦ የግራ ፍሬንም ፍሬቻም ነው፤ አረንጓዴው የቀኙ። በመካከል የመኪናውን ሦስት መስመር፣ ፍሬኑን፣ የግራና የቀኝ ፍሬቻውን፣ ወደ ሁለት የሚያጣምር ትንሽ ሳጥን ያስፈልጋል። እንዲሁ ሽቦ ከሽቦ ካቆራኙት ፍሬን በተረገጠ ቁጥር የመኪናው ፍሬቻ አብሮ ይበራል። ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ሳጥን ከፍቼ አሳየሁት፤ በስልኩ ፎቶ አነሳ።

በማግስቱ የሉማሜንና የየትኖራን የጤፍ ማሳ አቋርጠን ደጀን ደረስን። ከአፋፉ ላይ ቆመን በእጅ መቆጣጠሪያው የተጎታቹን ፍሬን ብቻ ሞከርን፤ ከኋላ ያዝ አድርጎ ጎተተን። ከዚያ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለን ወረድን። ሙቀቱ እየጨመረ፣ ጆሮ እየደፈነ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል። በየመታጠፊያው መብራቱን በመስታወት አየሁት፤ አልተነቃነቀም። ከህዳሴ ድልድይ ሳንደርስ ሜዳ ቦታ ላይ ቆመን ወረድኩና የተጎታቹን ጎማዎች መሐል በእጄ ጀርባ ቀረብ ብዬ ፈተሽኩ። ግራውም ቀኙም እኩል ሞቀዋል። ሁለቱም ማግኔቶች ሠርተዋል ማለት ነው። የተጎታቹን ባትሪ የሚሞላው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ አዲስ አበባ ስንገባ በወፍራም እንድንቀይረው ከአጎቴ ጋር ተነጋገርንና ድልድዩን ተሻገርን።