ጨረቃ ላይ የሚጨቃጨቁት መኪኖቼ የት ደረሱ?

ሰላም ለሁላችሁ! ብሌንደር በተባለው የአኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ የጀመርኩት አጭር የቀልድ አኒሜሽን ጥሩ እየሄደ ነው። ባለታሪኮቹ ሁለት ናቸው፤ መንገድ የጠፋበት አሮጌ ገልባጭ እና ከአፖሎ 17 የጨረቃ ጉዞ በኋላ እዚያው የቀረችው ሮቨር፣ ማለትም ጠፈርተኞቹ ጨረቃ ላይ የነዷት መኪና።

ሰሞኑን ሙሉ ሐሳቤ አወዳደቅ ላይ ነበር። ብሌንደር ሲከፈት የስበት ቁጥሩ 9.81 ነው፣ ለጨረቃ ግን 1.62 መሆን አለበት። ቁጥሩን መቀየር የሰከንድ ሥራ ነው፣ የቀልዱ ሰዓት ግን አብሮ ይቀየራል። ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር ምድር ላይ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ያርፋል፤ በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) ስንሠራ 11 ፍሬም ገደማ መሆኑ ነው። ጨረቃ ላይ ወደ 27 ፍሬም ይሆናል። ይሄ ለቀልድ ሲሳይ ነው! ገልባጩ ጉድጓድ ዘሎ ገና ሳያርፍ «አየሽኝ? አየሽኝ?» እያለ ይጎርርና ከዚያ በአፍንጫው ይተከላል። ሲያርፍ ድምፅ የለም፣ አየር በሌለበት ድምፅ አይሄድማ። ባሌስትራው ሲተኛና ሲነሳ ብቻ ነው የምናየው፤ ወሬያቸውም በሬዲዮ ነው፣ ትንሽ ሽሽ የሚል ድምፅ ጨምሬበታለሁ። አቧራውም አይቦንም፣ ተወርውሮ ቅስት ሠርቶ ይወርዳል።

የገልባጩን ዓይን የፊት መስታወቱ ላይ አደረግኩት፣ ለቅንድብ ሰፊ ቦታ አለው። ሮቨሯ ግን መስታወት የላትም። ስለዚህ ካሜራዋ ዓይን ሆነ፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው አንቴናዋ ደግሞ ኩርፊያዋን ያሳያል።

የምታኮርፍበት ምክንያት ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1972 (እ.ኤ.አ.) ጠፈርተኛው ዩጂን ሰርናን በያዘው መዶሻ የኋላ ፓራፋንጎዋን ገጭቶ ሰበረው። አቧራው እሱና ባልደረባው ላይ ሲዘንብ ካርታዎችን በፕላስተር አያይዘው አዲስ ፓራፋንጎ ሠሩላት። ሲመለሱ ታዲያ ያንን ፓራፋንጎ ወደ ምድር ይዘውት ሄዱ፣ እሷን ትተው!

አሁን እየሠራሁ ያለሁት ትዕይንት ይሄው ነው። ገልባጩ «እሺ፣ የት ነው ያለነው?» ይላታል። አንቴናዋን ቀስ አድርጋ ወደዚያ ታዞርና «ካርታዬን ወስደውታል አልኩህ እኮ!»