ጎዳናና የሦስት ወር ቅድሚያ

ድሬዳዋ ላይ ስለ ጎዳና ተዳዳሪ ወሬ ሲነሳ አንዱ «ጫት ነው ያበላሻቸው» ይላል፣ ሌላው «ከገጠር እየፈለሱ ነው» ይላል፣ ትንሽ ያነበበው ደግሞ የቤት ዋጋ ጣራ መንካቱን ያነሳል። ሦስቱም ጋ እውነት አይጠፋም። ግን ትናንት ጣሪያ ሥር ያደረ ሰው ዛሬ ለገሃር አጥር ሥር ለምን እንደሚያድር አንዳቸውም አይመልሱም። ጎዳና ላይ ያለ ሰው ቪላ ቀርቶ ኮንዶሚኒየም እንኳ ሊገዛ አልነበረም። ያጣው አንድ ክፍል ነው፤ አንድ ክፍሉንም የነፈገው ከወር ኪራዩ ይልቅ ለመግባት በአንዴ የሚጠየቀው ገንዘብ ነው።

በስሌት እንየው። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ክብ አድርጌዋለሁ፣ የራስዎን ሰፈር ዋጋ ያስገቡበት። ክፍሉ በወር 3,000 ብር ነው። ባለቤቱ የሦስት ወር ቅድሚያ ይላል፣ 9,000። ደላላው 1,000 ይወስዳል። በጠቅላላው 10,000 ብር። ቀፊራ ገበያ አትክልት ዘርግታ የምትውል ሴት ከምግብ፣ ከትራንስፖርትና ኪራይ ያህል ከሚሆን የአዳር ክፍያ ተርፎ በቀን 40 ብር ብታስቀምጥ፣ አንድም ቀን ሳትታመም፣ 250 ቀን ይፈጅባታል። የአንድ ወር ቅድሚያ ብቻ ቢሆን 4,000 ስለሚሆን በ100 ቀን ትገባለች። ኪራዩ አልተለወጠም። የተለወጠው በሩ ላይ የሚጠየቀው ነው።

የዚህ ከተማ ገቢ የቀን ነው። ተሸካሚው፣ የባጃጅ ረዳቱ፣ ጫት ሻጯ፣ ሁሉም የዕለቱን በዕለቱ ያገኛሉ። ጫት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከጠወለገ ዋጋ የለውም፤ ሻጯ ያልሸጠችውን ለነገ አታሳድርም። (ስለዚህ «ጫት ነው» የሚለው ክርክር ግማሹን ይረሳል፦ በጫት ጎዳና የወጣ አለ፣ በጫት ኪራይ የምትከፍልም አለች።) የቀን ገቢን ወደ ወር ኪራይ የሚያሻግረው የተለመደው ድልድይ የቀን ዕቁብ ነው። ችግሩ ዕቁብ ቀድሞ የወጣለትን ሰው ዋስ ጥራ ይላል። አድራሻ ለሌለው ማን ዋስ ይሆናል? የቀበሌ መታወቂያም የቤት ቁጥር ይጠይቃል፣ ተከራይ ከሆኑም የአከራዩን ቃል። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጥ ድጋፍ) ድሬዳዋንና ሐረርን ይጨምራል፤ ግን አብዛኛው ተጠቃሚ የሚመለመለው በነዋሪነት ነው። ቤት ያጣ ሰው ቤት ለማግኘት የሚረዱትን ነገሮች አብሮ ያጣል።

አየሩም ያታልለናል። አዲስ አበባ ላይ ውጭ ማደር ብርዱ ብቻ ያስፈራል። ድሬ ላይ ግን በሙቀቱ ወራት ባለ ቤቱም ምንጣፉን በር ላይ ያነጥፋል፣ ስለዚህ ውጭ የተኛ ሰው ዓይን አይቆረቁርም። አደገኛው ደቻቱ ነው። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ስለሆነ መተኛ ይመስላል። ጎርፉ የሚመጣው ግን ከላይ ከደንገጎ በኩል ካለው ተራራ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወድቅ፣ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የወረደው ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነበር፣ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፣ በሺህ የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አደረገ። ዳር ላይ የሰፈረው ሰው አደጋውን አጥቶት አይደለም። ለመሀል ከተማ የሚቀርብና አቅሙ የሚችለው መሬት እሱ ስለነበረ ነው።

ድሃ የሚችለው ክፍል ለምን አነሰ? ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የከዚራ ሰፈር በመስመር ተተለመች፣ ከደቻቱ ማዶ ያለችው የመጋላ ሰፈር እንደ ልቧ አደገች። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ ሄዱ። የቀበሌ ቤት የድሃ ቤት ሆኖ ቀረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ዛሬም ብዙ አሮጊት ከጎዳና የያዘው እሱ ነው። ኪራዩ ግን ለአሥርት ዓመታት ከቦታው ስላልተነቃነቀ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። ተከራዩ ያለ ፈቃድ ግድግዳ መንካት አይችልም፣ ቀበሌው አይጠግንም፣ ጭቃው ከታች ይበላል። አዲስ የቀበሌ ቤት በተጨባጭ አይሠራም፤ አንዱ ሲፈርስ ቁጥሩ ይቀንሳል።

በሊዝ መሬት ማግኘት የባሰ ሩቅ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ጨረታና ምደባ ይላል፤ በጨረታው ከሚሰጠው ዋጋ ሌላ የሚቀርበው ቅድሚያ ክፍያም ይመዘናል። እዚህም ጥሬ ገንዘብ በእጁ የያዘ ይቀድማል። ኮንዶሚኒየሙም በ20/80 ሲሄድ 20 በመቶውን አስቀድሞ ማጠራቀም ነበረበት፣ ዕጣ ከወጣ በኋላ ደግሞ ቀለሙና ሴራሚኩ የባለ ዕድሉ ናቸው። ብዙው ሰው ቁልፉን ተቀብሎ ማከራየቱ አይገርምም። የቀበሌ ቤቱ፣ ሊዙና ኮንዶሚኒየሙ፣ ሦስቱም መንገዶች ዛሬ ለድሃው አንድ ክፍል አልጨመሩም።

ስለዚህ ድሃውን እያስጠለለው ያለው የግለሰብ ጓሮ ነው። አንድ 3 በ3 ክፍል፣ ቁመቱ 2.60 ሜትር፣ ምን ይጠይቃል? አራት ግድግዳ ሲሆን ከበርና ከመስኮት በኋላ 28 ካሬ ሜትር ገደማ። 40 በ20 የሆነ ብሎኬት በካሬ 12.5 ይገባል፣ ለሚሰበረው ጨምረው 13 ቢሉ 365 ገደማ። አከራዩ ግን ወጪ ለመቀነስ ከአጥሩ ጋር ያጣብቀዋል፣ ሦስት ግድግዳ ብቻ ስለሚሠራ 265 ይበቃዋል። ቆርቆሮው ከመደራረቡ ጋር 10 ያህል ነው። ጥፋቱም እዚሁ ይጀምራል፦ አጥሩ ጣሪያ እንዲሸከም መሠረት አልወጣለትም፣ ክረምት ሲመጣ በመጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ኮርኒስ ስለማይገባ ቀትር ላይ ክፍሉ ምድጃ ነው። ከግድግዳውና ከጣሪያው መሀል በሁለቱም በኩል አንድ ጣት ሙሉ ክፍተት ትቶ ወንፊት ሽቦ መምታት ምንም ያህል አያስወጣም፣ ግን ማንም አያደርገውም።

መብራቱ ሌላ ጣጣ አለው። ታሪፉ በእርከን ነው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ያለው ርካሹ ነው። ስድስት ክፍል እያንዳንዱ 40 ቢጠቀም በየራሱ ቆጣሪ ሁሉም ታችኛው እርከን ላይ በቀሩ ነበር። አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመር 240 ሆኖ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል፣ አከራዩም «በአምፖል» ብሎ ያካፍለዋል። ድሃው አንዳንዴ ከሀብታሙ በላይ ለኪሎዋት ሰዓት የሚከፍልበት ምክንያት ይኸው ነው፣ አቦ! ሽንት ቤቱም ለስድስት ቤተሰብ አልተቆፈረም፤ መጋላ ውስጥ ደግሞ ሲሞላ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና በቅያሱ አይገባም።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለዚህ ዓይነት ተከራይ ብዙ ነገር ሰጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ነው፣ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ዝቅተኛው ዘመን ሁለት ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ነው፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። በስሌታችን ሁለት ወር ማለት 7,000 ብር ነው፣ 175 ቀን። ከ250 ይሻላል። የሚከሽፈው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ግብር እንዲቀንስ ውሉ ላይ 1,500 ተጽፎ 3,000 በእጅ ይከፈላል፤ ተከራዩ ሲጣላ ማስረጃው በራሱ ላይ ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ ካርታ የሌለው የጓሮ ባለቤት ቢሮ መቅረብ ስለማይፈልግ ርካሹ ክፍል ከሕጉ ውጭ ይቀራል። አከራዩን ለመቅጣት መቸኮል ክፍሉን ያዘጋዋል፤ መዝገቡ ይዞታ እንደማያጸድቅ፣ እንደማያፈርስም ተጽፎ ቢሰጠው ግን ብዙው ይመጣ ነበር።

ቤት ሳይሠራ ዛሬ ሊደረግ የሚችለው የመግቢያ ብድር ነው። አንድ እድር ወይም ቀበሌ 400,000 ብር ቢመድብ ለ100 ሰው 4,000 ብር መግቢያ ይሆናል። እያንዳንዱ በቀን 40 ብር ቢመልስ በ100 ቀን ይዘጋል፣ ያው ገንዘብ በዓመት ሦስት ዙር ይሠራል፤ ከአሥር አንዱ ባይመልስ እንኳ ሦስተኛው ዙር ላይ 324,000 ብር ይዞ 81 ሰው ያስገባል። ገንዘቡ በተከራዩ እጅ መግባት የለበትም። በተመዘገበ ውል ላይ ተመሥርቶ ወደ አከራዩ ሒሳብ መሄድ አለበት፣ ውሉም የአንድ ወር ቅድሚያ ብቻ የሚል መሆን አለበት። አለበለዚያ ደላላው ብድር መኖሩን እንደሰማ ቅድሚያውን መልሶ ሦስት ወር ያደርገዋል።