ለወራት የሚቆም የናፍታ መኪና፦ በየሳምንቱ አታስነሱት

ባለንብረቱ ውጭ አገር ሲሄድ፣ ሹፌር ሲጠፋ ወይም ክረምት ገብቶ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ አይሱዙውም ሲኖትራኩም ቃሊቲ፣ ገላን፣ ዱከም ወይም ሰበታ አንዱ ግቢ ውስጥ ለወራት ይቆማል። ለዘበኛው የሚሰጠው ትእዛዝ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ቁልፉ ይኸውልህ፤ በሳምንት አንዴ አምስት ደቂቃ አስነሳው።» መኪናውን ከመቆሙ በላይ የምትጎዳው ይቺ አምስት ደቂቃ ናት።

የናፍታ ሞተር በሚኒሞ ቆሞ ሲሠራ ቶሎ አይሞቅም። ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ውስጥ ደግሞ ብዙ የውሃ ተን አለ። ሞተሩ ሲሞቅ ተኑ በማርሚታ በኩል ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ፣ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥና ማርሚታው ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል። በደንብ ያልተቃጠለው ናፍታም በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል ሾልኮ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ለማስነሳት ከባትሪው የወጣውን ኃይል ዲናሞው በአምስት ደቂቃ መልሶ አይሞላም፤ ስለዚህ ባትሪው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ይሄዳል።

ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ አውጥቶ፣ የሙቀት ጌጁ የተለመደ ቦታው ላይ ከደረሰ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲነዳው ማድረግ። ሁለተኛው፣ በደንብ አዘጋጅቶ አቁሞ፣ እስክትመለሱ ማንም እንዳይነካው ቁልፉን መውሰድ። ከሦስት ወር በላይ ለሚቆም መኪና ሁለተኛው ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ቦታው። ከአቃቂ እስከ ዱከም ያለው መሬት አብዛኛው ዋልካ አፈር ነው። በበጋ ድንጋይ መስሎ ያቆማችሁበት ቦታ ሐምሌ ላይ ጎማውን እስከ ቸርኬው ይውጠዋል፤ መኪናውም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ጠጠር የተደለደለበት ቦታ ከሌለ በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። ጭነት ካለ አራግፉ። እህል የጫነ መኪና ከሆነ ካሶኔውን እስከ ጥጉ ጥረጉት፦ የተረፈች አንድ ጣሳ ስንዴ አይጥ ትጠራለች፤ አይጥ ደግሞ ስንዴውን ስትጨርስ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦው ትዞራለች። የአየር ፊልትሮው መግቢያና የማርሚታው አፍ በፕላስቲክ ይታሰሩ። ማርሚታው ወደ ላይ የቆመ ከሆነ የግድ ነው፤ አለዚያ የክረምቱ ዝናብ በቀጥታ ወደ ቱርቦው ይወርዳል። አፎቹ መታሰራቸውን የሚገልጽ ወረቀት መሪው ላይ አንጠልጥሉ።

አሁን ወደ ናፍታው። የናፍታ ዋና ጠላት ውሃ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ዙሪያ ቀን ከ20 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ሌሊት ከ10 በታች ይወርዳል። ግማሹ ባዶ በሆነ ታንክ ውስጥ ያለው አየር በየሌሊቱ ግድግዳው ላይ ያልበዋል፤ ጤዛው ከናፍታ ስለሚከብድ ወደ ሥር ይሰምጣል። ታንኩን ያዝገዋል። ውሃውና ናፍታው በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ። ውጤቱ ፊልትሮ የሚደፍን ጥቁር ቡናማ አተላ ነው። ላምባ ወይም ቤንዚን ብትጨምሩ ይሄን አይገድለውም፤ ይልቁንም ናፍታው ለፖምፓውና ለኖዝሉ የሚሰጠውን ማለስለሻ ይቀንሳል። (ከቀዝቃዛ አገር የሚመጡት ቪዲዮዎች ናፍታ እንዳይረጋ ስለሚጨመር ኬሚካል ብዙ ያወራሉ። እዚህ ሌሊቱ ያን ያህል ስለማይበርድ ገንዘባችሁን አታባክኑ።)

መፍትሔው ታንኩን ሞልቶ ማቆም ነው፤ ለሙቀት መስፋፊያ ከአፉ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቅር። ከመሙላታችሁ በፊት የታንኩን የታችኛውን ቡሎን ፈትታችሁ፣ ንጹሕ ናፍታ እስኪመጣ በብርጭቆ ዕቃ ተቀበሉ። ብርጭቆው ሥር ዶቃ መስሎ የሚንከባለለው ውሃ ነው። ውሃ መለያ ፊልትሮውንም እንዲሁ አፍስሱ።

ችግሩ ሙሉ ታንክ ሌባ ይጠራል። ናፍታ በዚህ ዋጋ ባለበት ጊዜ ቁልፍ ያለው ክዳን ብቻውን አይበቃም፤ ሌባው ከሥር ቡሎኑን ይፈታል ወይም ቱቦውን ይቆርጣል። ቡሎኑ ላይ መከላከያ ብረት ማስበየድና መኪናውን በታንኩ በኩል ግድግዳ አስጠግቶ ማቆም ብዙ ይረዳል። ንጹሕ ዘንግ አስገብታችሁ ናፍታው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደደረሰ ለኩ፣ ዘበኛው ባለበት ጻፉት፤ ስትመለሱ ንግግሩ በቁጥር ይሆናል። ግቢው የማይታመን ከሆነ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ሌላ መኪና ላይ ገልብጡት። ግማሽ ታንክ ግን አትተዉ፤ ጤዛም ሌባም ይጋብዛል።

የሞተር ዘይት የሚቀየረው ከመቆሙ በፊት ነው እንጂ ሲመለሱ አይደለም። የሠራ ዘይት አሲድ፣ ጥቀርሻና ውሃ ስላለበት ወራቱን ሙሉ ብሮንዚኑ (ኮሎው የሚዞርበት ለስላሳ ብረት) ላይ ተኝቶ ይበላዋል። ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይራችሁ፣ አዲሱ ዘይት ሁሉም ቦታ እንዲደርስ ትንሽ ንዱት፤ ከዚያ በኋላ አቁሙት። ራዲያተር ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ከሆነ ይፍሰስና ኩላንት ይግባ። እዚህ ኩላንት የሚያስፈልገው ለበረዶ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ዝገት መከላከያ ነው የሚፈለገው። በዚህ ከፍታ ንጹሕ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ከተመለሳችሁም በኋላ ኩላንቱ ይጠቅማችኋል።

ባትሪውን ከመኪናው ላይ አውርዱ፤ ለሌባም ለሰልፌትም (ባዶውን በቆየ ባትሪ ሰሌዳዎች ላይ ለሚጠነክረው ጨው) መድኃኒቱ ይኸው ነው። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ኔጌቲቩ ይጨርሳል፤ ምክንያቱም ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ሻንሲውን ቢነካ ብልጭታው ከባድ ነው። አብዛኛው የጭነት መኪና ባለ24 ቮልት ስለሆነ ሁለቱን ባትሪ ለየብቻ ለኩ፦ ሙሉ የሆነ ባትሪ ካረፈ በኋላ በቴስተር 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል። 12.4 ከደረሰ ቻርጅ ይፈልጋል። ባዶውን የቆየ ባትሪ ሰልፌት ስለሚይዘው በኋላ ቢሞላም አይመለስም። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ቻርጅ የሚያደርግ ዘመድ ቤት አስቀምጡት። ውሃው ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። ከባትሪው የሚተነው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው ስላለ አሲድ መጨመር ሰሌዳዎቹን ይበላል።

ፍሬን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእጅ ፍሬን ተይዞ ክረምቱን የከረመ መኪና የፍሬን ሸራው ታምቡሩ ላይ በዝገት ይጣበቃል። አይሱዙ ኤንፒአር ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ታምቡር ስለሆነ ነገሩ ቀላል ነው፦ ማርሽ አስገቡ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ሲኖትራክና ሌሎች የአየር ፍሬን ያላቸው ላይ ግን የእጅ ፍሬኑን የሚይዘው ሞላ ነው፤ የሚለቀው ደግሞ አየር። አየሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲያልቅ ሞላው ራሱ ይይዛል። ለቆ ማቆየት የሚቻለው የኋላ ቻምበሮቹን (አየሩና ሞላው የሚሠሩባቸውን የፍሬን ጣሳዎች) ሞላ በቡሎናቸው ወደ ኋላ ስቦ በማሰር ነው። ይሄ ታኮ ከገባ በኋላ፣ ሥራውን በሚያውቅ መካኒክ ብቻ ይሠራ፤ የቻምበሩን ክላምፕ የሚፈታ ሰው ሞላው ሊገድለው ይችላል። የአየር ጋኖቹን ውሃም ከሥር ቫልቮቻቸው አስወጡ።

ጎማ ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይነፋ፤ ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ግን አይለፍ። ስፖኪዮውን ፈትታችሁ ቤት አስገቡ፤ ምክንያቱን የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ መቼ እንደሚያልቁም ከመሄዳችሁ በፊት እዩ።

ስትመለሱ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የታሰሩትን አፎች ፍቱ፣ የአየር ፊልትሮ ቤቱ ውስጥ የአይጥ ጎጆ እንዳለ እዩ፣ ቺንጊያውንና ሽቦዎቹን ዳብሱ። የዘይት መለኪያውን አውጡ፦ መጠኑ ከነበረው ከፍ ካለ ናፍታ ወይም ውሃ ገብቷል፤ ወተት ከመሰለ ደግሞ ሞተሩን ጨርሶ አታዙሩት። ታንኩንና ውሃ መለያውን እንደገና አፍስሱ፣ የናፍታ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ በእጅ ፖምፓው እስኪጠነክር ድረስ ግፉ።

ስታቆሙ ያስገባችሁትን ማርሽ አውጡ። ሞተሩ በማጥፊያ ገመድ የሚጠፋ ዓይነት ከሆነ፣ ገመዱን ስባችሁ ይዛችሁ በሞተሪኖ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አዙሩት፤ ሳይነሳ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ አሳርፋችሁ ከዚያ አስነሱ። ኮመንሬል (ናፍታውን በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለኖዝሎቹ የሚያድል ሞተር) ከሆነ አየር ለማስወጣት የኖዝል ቱቦ አትፍቱ፤ እዚያ ያለው ግፊት ቆዳ ይበሳል። ቤንዚን የነካ ጨርቅ አየር መግቢያው ላይ የሚይዘውን ጎበዝ አስቁሙት። ካንዴሌታ (ሲሊንደሩን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ዘንግ) ወይም የአየር ማሞቂያ ያለው ሞተር ላይ እሳቱ ወደ መግቢያው ሊመለስ ይችላል። ጎትቶ ማስነሳትም አይሁን፤ የተጣበቀ ፍሬን ካለ ጎማው ሳይዞር ይጎተታል።

ከተነሳ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ነዳጅ ሳትሰጡ ተዉት፤ ቱርቦው ዘይት ሳያገኝ ጋዝ የረገጠ ሰው ቱርቦ ገዝቶ ይከፍላል። አየሩ እስኪሞላ ጠብቁ። የታሰረ የቻምበር ሞላ ካለ ይፈታ፣ ከዚያ ታኮ ይነሳ። ግቢው ውስጥ በእግር ፍጥነት እየነዳችሁ ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ ሞክሩ። ከሩብ ሰዓት መንገድ በኋላ ቆማችሁ የቸርኬዎቹን መሐል በእጅ ጀርባ ቅረቡት፦ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ ፍሬኑ አለቀቀም። ጋቢና ውስጥ አንድ ትርፍ የናፍታ ፊልትሮ ይኑር፤ ታንኩ ሥር የቀረው አተላ የሚነቃነቀው መኪናው መንገድ ላይ መናጥ ሲጀምር ነው፣ የመጀመሪያው ፊልትሮም ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ይደፈናል።