የመጋቢት ፀሐይና ያልተሟሸ ገንቦ

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት ሠርተን ስንገባ ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ጓሮው ነው። ሠላሳ ካሬ ቢሆን ነው። ሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና ቲማቲም ተከልኩ። እስከ ጥምቀት ድረስ ሁሉም አምሮበት ነበር። ከዚያ የካቲት ገባ።

የእኛን አካባቢ በጋ በዲግሪ ብቻ ከለካችሁት ያታልላችኋል። ስልኬ 25 ወይም 26 ይላል። ለቆላ ሰው ይሄ ሙቀት አይባልም። ግን ያለነው ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ነው። ፀሐይዋ ትለበልባለች፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሳል። በዚያ ላይ አፈራችን መረሬ ነው። ክረምት ጫማ ያስቀራል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቃሪያው አጠገብ አንዱን ስንጥቅ ጎንበስ ብዬ ሳይ ሥሩ ተበጥሶ እንደ ክር ተንጠልጥሏል። መሬቱ ሲሰነጠቅ ሥሩንም ለሁለት እንደሚቀድደው ያኔ ነው የገባኝ።

ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ የመጣ ቀን ጎማውን ሰክቼ ጓሮው እስኪጥለቀለቅ አጠጣለሁ፤ ቀትርም ቢሆን። በማግስቱ ቅጠሉ ሁሉ ጠውልጎ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ልክ አጠጥቼ እንደጨረስኩ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትኩት። ላዩ ጭቃ ነው። ከአንድ አንጓ በታች ግን ደረቅ ጓል ነው፤ እርጥበት የሚባል ነገር አልነካውም። ውሃው ገሚሱ በስንጥቁ ሾልኮ ከሥሩ በታች ወርዷል፣ ገሚሱን ፀሐይ ልትጠጣው ነው። ያ ሁሉ ድካም ለጎመኑ አልነበረም ማለት ነው። በጣም አዘንኩ።

ቀጥሎ ቲማቲሙ መጣ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ቂጡ ላይ ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ነገር ያወጣል፤ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አንድ ሱቅ ሄጄ ሳሳያቸው በሽታ ነው አሉኝና መድኃኒት ሸጡልኝ። ሁለት ሳምንት ረጨሁ። ምንም ለውጥ የለም። በኋላ አንዲት የግብርና ባለሙያ አይታው፣ «እህቴ፣ ይሄ በሽታ አይደለም። አንድ ቀን ጎርፍ፣ አምስት ቀን ድርቅ እያደረግሽበት ነው» አለችኝ። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውሃው ጋር ተጉዞ ነው። ውሃው ሲቆራረጥ እሱም ይቋረጣል፤ የፍሬው ጫፍ ይሞታል። የሚያስፈልገኝ ብዙ ውሃ ሳይሆን የማይቆራረጥ ውሃ ነበር። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ስንጥቁን ዘጋሁ። በመኮትኮቻ ላዩን እያደቀቅኩ ኮምፖስት ቀላቀልኩበት። ከዚያ ጉዝጓዝ አለበስኩት። የጤፍ ጭድ ለመኖም ለጭቃ ቤትም ስለሚፈለግ ውድ ነው። እኔ የተጠቀምኩት ቄጤማ ነው። ቅዳሜና እሑድ ቡና ስናፈላ የምንጎዘጉዘውን፣ ጎረቤትም ጠርጎ ሊጥለው ያለውን፣ ሰብስቤ ፀሐይ ላይ አጠውልጌ አራት ጣት ያህል ከመርኩት። ግንዱን ግን አላስነካሁትም። ከተጠጋ ያበሰብሰዋል፣ ቆራጭ ትልም ይደበቅበታል። ከሳምንት በኋላ ጉዝጓዙን ገልጬ ጣቴን ስከት አፈሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ለማመን ቸገረኝ።

ቀጥሎ ገንቦው ነው። ያልተቀባ ሸክላ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ውሃውን ቀስ እያለ በጎኑ ያዣል። አፈሩ ሲደርቅ ብዙ ይስባል፣ ሲረጥብ ይቀንሳል። ቀጨኔ ሄጄ አምራ የተደረደረች ጥቁር ገንቦ መረጥኩ።

«ምን ልትሠሪባት ነው ልጄ?» አሉኝ ሸክላ ሠሪዋ።

«ልቀብራት ነው እማማ። ውሃ እንድታፈስልኝ።»

ትንሽ አሰቡና ጥቁሯን መልሰው ቀይዋን ሰጡኝ። «ይቺ በጭስ ጠግባለች፣ አታፈስልሽም። ቀይዋን ውሰጂ። እንዳታሟሺያት ብቻ።»

ትልቁ ምክር ይሄ ነበር። እኛ ሸክላ ስንገዛ የመጀመሪያው ሥራ ማሟሸት ነው፤ ቀዳዳው ተደፍኖ እንዳያፈስ። እዚህ የሚፈለገው ግን ማፍሰሱ ነው። አራት ገንቦ ገዝቼ እስከ አንገታቸው ቀበርኳቸው፣ ቲማቲሙና ቃሪያው ዙሪያቸውን ሆነ። አፋቸውን በሰሃን ከደንኩ። ካልተከደነ ትንኝ ይራባበታል፣ ውሃውም ይተናል። ውሃ የመጣ ቀን ሮቶዬን እሞላለሁ፤ ከዚያ በየሦስት ቀኑ ማታ ማታ ገንቦዎቹን እየዞርኩ እሞላለሁ።

ጎመኑና ቆስጣው በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በማጠጫ ይጠጣሉ። አትክልት ያጠብኩበትን ውሃ ለእነሱ እሰጣለሁ። የልብስ እጣቢ ግን በፍጹም ቅጠል ላይ አላደርስም። ከአቃቂ ወንዝ በሚጠጣ አትክልት ላይ ከባድ ብረታ ብረት መገኘቱን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ጓሮዬን እንዲህ የምደክምለት አንዱ ምክንያት ይሄ ስለሆነ፣ በገዛ እጄ ሌላ ኬሚካል ልጨምርበት አልፈልግም።

ሰላጣውን ማትረፍ አልቻልኩም። ቀጥ ብሎ አገዳ አወጣ፣ ቅጠሉም መረረ። አሁን ከየካቲት በኋላ ሰላጣ አልዘራም። ዘንድሮ ቦታውን ለበሶብላ ሰጥቼዋለሁ፤ እሷ ፀሐይ ትወዳለች።

የተጎዱት ቲማቲሞች አልዳኑም፣ ለቅሜ ጣልኳቸው። በኋላ የተንዠረገጉት ግን ቂጣቸው ንጹሕ ሆኖ ቀሉ። ለፋሲካ ማግስት ቁርስ ስልስ የሠራሁት በእነሱ ነው። ትናንት ማታ ሰሃኑን አንስቼ አንዱን ገንቦ ሳይ ውሃው ግማሽ ደርሷል። ጎኑን ትንሽ ስጭር የቲማቲሙ ሥር ሸክላውን እንደ መረብ አቅፎታል። መልሼ አፈር አለበስኩትና ሞልቼው ገባሁ።