አንድ ማንኪያ ማር ስንት ግራም ነው?

ደሴ ብርድ ነው። ማር ይረጋል። የእኔም ስህተት የጀመረው ከዚሁ ነው።

ክብደት ለመቀነስ ከተነሳሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። እንጀራ ቀንሻለሁ፣ ቅቤ ትቻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። ማታ ግን አንድ ነገር አልተውኩም። ፓፓያ ከትፌ እርጎ አፈስበታለሁ፤ ከላይ አንድ ማንኪያ ማርና ተቆልቶ የተወቀጠ ኦቾሎኒ። እሱንም ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፦ ማር 60 ካሎሪ፣ ኦቾሎኒ 85። ክብደቴ ግን አምስት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ገበያ ወርጄ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ገዛሁ። መጀመሪያ ሚዛኑን ራሱን ፈተንኩት። ባዶ ሳህን አስቀምጬ ዜሮ አደረግኩና የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ገለበጥኩበት። 500 አካባቢ ካለ ደህና ነው። አለ።

ከዚያ እንደ ልማዴ ማር ጨለፍኩ። የረጋ ማር ማንኪያ ላይ አይተኛም፣ ይቆለላል። ከማንኪያው አፍ በላይ እንደ ጦሳ ተራራ ቆሟል። 34 ግራም! ከአፉ ጋር እኩል የሆነ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ገደማ ነው፤ 64 ካሎሪ። የእኔው ከ100 ያልፋል። ኦቾሎኒውማ ባሰ። «እፍኝ እንኳ አይሞላም» የምለው 45 ግራም ወጣ፤ 260 ካሎሪ ገደማ። ሁለቱ ሲደመሩ በየማታው ከ200 ካሎሪ በላይ ሳልቆጥር እበላ ነበር። በጣም አዘንኩ። ያን ሁሉ እንጀራ የቀነስኩት ለምን ነበር?

አሁን የምለካው በተገላቢጦሽ ነው። የማሩን ዕቃ ከፍቼ ሚዛን ላይ አስቀምጣለሁ፣ ዜሮ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እጨልፋለሁ። ከዜሮ በታች 20 ካለ የወሰድኩት 20 ግራም ነው። ማንኪያው ላይ ቀርቶ የምልሰውም አብሮ ተቆጠረ ማለት ነው። ኦቾሎኒውንም እንዲሁ፣ በአንዴ ዘግኜ። ቆንጠር እያደረጉ ሳህን ላይ መጨመር አያዋጣም፤ ርካሽ ሚዛን ትንንሿን ጭማሪ አንዳንዴ አያያትም።

ሌላም ነገር አሳስቶኝ ነበር። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው ሲባል 15 ግራም ይመስለኝ ነበር። ለውሃ ልክ ነው። ማር ግን ከውሃ ይከብዳል። የተመታ ክሬም ደግሞ አየር ስለያዘ ይቀላል፤ ዐይን አይገምተውም። ስለዚህ ኬክ ቤት ስገባ «ክሬሙን ለብቻው አድርጊልኝ» እላለሁ፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ወስጄ ሌላውን እተዋለሁ።

በሁለት ወር ሁለት ኪሎ ወረድኩ።

የከበደኝ እናቴ ቤት ነው። እዚያ ሚዛን የለም። «ወለላዬ፣ ማር በግራም ይሰፈራል እንዴ? ነውር ነው» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ከቡና ሲኒዎቿ አንዱን ተውሼ ቤቴ በተወቀጠ ኦቾሎኒ ለካሁበት፤ ግማሹ 20 ግራም ሆነ። ለማሩ የሻይ ማንኪያ ያዝኩ፤ እኩል ሲሆን 7 ግራም ነው፣ ሁለት ይበቃኛል። ሲኒውን ስመልስ አሳየኋት።

አሁን እሁድ እሁድ ስሄድ ሲኒውን ራሷ ታወጣዋለች። «እስከ አበባዋ ድረስ ነው አይደል?» ትለኛለች፣ ሲኒው ወገብ ላይ ያለችውን ቀይ አበባ በጣቷ እያሳየችኝ።

«አዎ እማዬ፣ እስከ አበባዋ።»